የጋኔኑ ስም

በማስመለስ አልጸየፍም። ኦስሎ ውስጥ በሲከየም፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት፣ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ፤ ያላጠብኩትና ያላበስኩት ነገር የለም። ያ ግን ሥራ ነው። ጓንት አለው፣ ሳሙና አለው፣ በሩም ይዘጋል። እስከ ዛሬ ሲታወሰኝ የሚያንገሸግሸኝ ሌላ ነው፤ በሩ ሳይዘጋ፣ ሰው ወንበር እየሳበ ሲያይ የዋለበት አንድ ቅዳሜ ነው።

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር ዘጠናዎቹ ውስጥ ነው። ያኔ ከከተማው ዳር፣ ቫይትቬት በሚባል ሰፈር ነበር የምኖረው። አገር ቤት አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር፤ እዚህ የረዳት ነርስነት ወረቀት ለማግኘት ግን ኖርዌጅኛና ታሪክ እንደገና መማር ነበረብኝ። ጠዋት ሥራዬን ጨርሼ በምድር ውስጥ ባቡሩ ወደ አሮጌው ከተማ፣ ወደ ጋምለ ኦስሎ እወርዳለሁ። ኮሙኑ፣ ማዘጋጃ ቤቱ፣ ለአዋቂዎች ትምህርት በሰጠው አሮጌ ሕንፃ ውስጥ፣ ትራም ባለፈ ቁጥር መስኮቱ በሚንቀጠቀጥ ክፍል፣ የአውሮፓን ታሪክ እንማር ነበር።

ከጎኔ የሚቀመጠው የወሎ ሰው አውቶቡስ ነጂ ነበር። እሱ ሙስሊም ነው፣ እኔ ጴንጤ ነኝ። በሃይማኖት አንነካካም። በኖርዌጅኛ ግን ሁለታችንም እኩል ስለምንደናቀፍ ተጠጋግተን ነበር የምንቀመጠው። መምህራችን ቀጭን፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ኖርዌጅያዊት ነበረች። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «ኦፕሊስኒንግስቲደን» ብላ ጻፈችና ጠመኔዋን አስቀመጠች።

የወሎው ሰው ወደ እኔ ጠጋ አለ። «እትዬ፣ ስልክ ቁጥር ሲጠፋን የምንደውልለት ኦፕሊስኒንግ ታሪክ አለው እንዴ?»

«ዝም በል፣ ትሰማሃለች።»

«ትስማኝ። እኔ ስደውል ሁልጊዜ መስመሩ ተይዟል።»

ኦፕሊስኒንግ መረጃም ነው፣ ማብራትም ነው፤ ቲደን ደግሞ ዘመኑ ማለት ነው። መምህርቷ ያስረዳችን ማብራቱን፣ የብርሃን ዘመን የሚሉትን ነበር። ከጥቂት መቶ ዓመታት በፊት አውሮፓውያን «እንዲህ ተብሏል» የሚለውን እየተዉ «በምን ታወቀ?» ማለት ጀመሩ አለችን። መስተዋት ሞርደው ሰማዩን አዩ። በሌላ መስተዋት ደግሞ ቁንጫ አዩ። የቁንጫው ሥዕል መጽሐፋችን ውስጥ ነበር። ገጹን ሞልቶታል፣ ጠጉር አለው፣ እግሩ ታጥፏል። ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ ሥዕሉን በእጄ ሸፍኜ ነው ያነበብኩት።

ከዚያ በኋላ የመጣው የባሰ ነበር። በአንዳንድ የጣሊያንና የሆላንድ ከተሞች የሰው ሬሳ የሚቀደድበት፣ እንደ ቲያትር ቤት የተሠራ ክብ አዳራሽ ነበር። የተሰቀለ ወንጀለኛ መሃል ላይ ይጋደማል፣ ሊቁ ይቀድዳል፣ ሕዝቡ ዙሪያውን ከፍ ዝቅ ብሎ ቆሞ ያያል። መግቢያም ይከፈልበታል።

የወሎው ሰው እጁን አወጣ። «እዚያ ውስጥ ምግብ ይበሉ ነበር?» ብሎ በኖርዌጅኛ ጠየቀ።

መምህርቷ አሰበች። «አላውቅም» አለች። አለማወቋን ሳትደብቅ መናገሯን ወደድኩላት።

ስለ ውሾቹም የሰማሁት ያን ሰሞን ነው። አንድ ፈረንሳዊ ፈላስፋ እንስሳ እንደ ሰዓት ያለ ነገር ነው፣ ነፍስ የለውም ብሎ ነበር። እሱን ያመኑ ሰዎች ውሻ በሕይወቱ ሳለ መዳፎቹን እንጨት ላይ በሚስማር ቸንክረው ሆዱን ይከፍቱና ደም እንዴት እንደሚዘዋወር ያያሉ። ውሻው ሲጮህ የሰዓት ሞላ ሲንጫጫ ነው ይላሉ። መጽሐፉ ይህን በሁለት መስመር ብቻ አልፎታል። ወዲያው ደግሞ ስለ ደም ዝውውር የተገኘው እውቀት ስንት ሰው እንዳዳነ ይቀጥላል። ያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ሥጋ መብላት አልቻልኩም። እውቀቱ ውሸት አይደለም፤ በሲከየም የሰው የደም ግፊት ስለካ የምጠቀመው እሱኑ ነው። ይኼም ነው ይበልጥ ያስጠላኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት መምህርቷ ወደ ኋላ ተመልሳ ከብርሃኑ በፊት የነበረውን ነገረችን። እዚሁ ኖርዌይ፣ በሰሜኑ ዳርቻ፣ ድሀ ሴቶችን ጠንቋይ ናችሁ እያሉ እጅና እግራቸውን አስረው ባሕር ውስጥ ይጥሏቸው ነበር። የተንሳፈፈችው ጥፋተኛ ናት፤ ውሃው አልቀበላትም ይባላል። ሴቲቱን ያሠቃዩዋታል፣ የሰይጣኑን ስም ተናገሪ ይሏታል። በሥቃይ ውስጥ የመጣላትን ታወጣለች፣ ጸሐፊው እንደ ገባው ይጽፋል፣ የተጻፈው ስም ይሆናል።

«ታዲያ እንዴት ቀረ?» ብዬ ጠየቅሁ። ክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አልናገርም ነበር።

«ዳኞቹ ሰይጣን የለም ብለው አልጀመሩም» አለችኝ። «አብዛኞቹ ያምኑ ነበር። ማስረጃው አይበቃም ብለው ነው የጀመሩት። ተናገረች የተባለውን ማን ሰማ? እንዴት ሰማ? ብለው ጠየቁ። እምነቱ የተለወጠው ከዚያ ብዙ ዘግይቶ ነው።»

በዚያው ክረምት በጉባኤያችን አንዲት እናት ነበረች፤ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፣ ትቬይታ የሚባል ሰፈር ትኖራለች፣ ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ትሠራለች። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት። ልጅቷ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ስትፈልግ ሳለ ትቬይታ ገበያው ውስጥ ወድቃ ተንፈራገጠች። ከዚያም ደጋገማት። ሐኪሙ መርምሮ መድኃኒት አዘዘላት። ልጅቷ ኖርዌጅኛ ከማናችንም በላይ ትችላለች፤ ሐኪሙ ግን እናቲቱም በደንብ ይግባት ብሎ በስልክ አስተርጓሚ አስነገራት። አስተርጓሚው «ልጅዎ ላይ ጥቃት ይደርስባታል። ጥቃቱ በድንገት ይመጣል። መድኃኒቱ ጥቃቱን ይከላከላል» አላት።

እናቲቱ እሑድ ጉባኤ መጥታ ይህንኑ ተናገረች። «ሐኪሙ ራሱ ጥቃት ነው ብሏል» አለች። ማን ነው የሚያጠቃት የሚለውን ጥያቄ ለመመለስ ከዚያ ሰው መካከል የዘገየ አልነበረም።

እኔም ስሰማ ነገሩ ግራ ገባኝ እንጂ ከየት እንደ መጣ አላወቅሁም። ያወቅሁት ክፍል ውስጥ ነው። ስለ አንድ የድሮ ጦርነት እያነበብን ወታደሮቹ ከተማው ላይ «አንፋል» አደረጉ የሚል አገኘሁ። በሲከየም ይህን ቃል በየቀኑ እሰማዋለሁ፤ የሚጥል በሽታ የያዘው ሰው ሲወድቅ አንፋል መጣበት ይባላል።

«እዚህ ምን ማለት ነው?» አልኩት የወሎውን ሰው።

«ጥቃት ነዋ። ወረራ። ምነው እትዬ?»

«ምንም» አልኩት።

ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ትቬይታ ሄድኩ። እናቲቱ ሻይ አቀረበችልኝ። ልጅቷ ሶፋው ላይ ብርድ ልብስ ለብሳ ቴሌቪዥን ታያለች፣ ድምፁን ዘግታዋለች።

«ሐኪሙ ጥቃት አላለም» አልኳት። «አንፋል ነው ያለው። እኛ የሚጥል በሽታ የምንለው ነው። አስተርጓሚው ነው ጦርነት ያደረገው።»

«እትዬ፣ አስተርጓሚው የኮሙኑ ሰው ነው፣ የተማረ ነው።»

«ይማር። ቃሉ ሁለት ትርጉም አለው።»

«ሁለት ካለው አንዱን ለምን እርስዎ ይመርጡልኛል?»

ልጅቷ ከሶፋው ላይ «ማማ፣ እኔ እዚህ ነኝ» አለች። «ስለ እኔ ከሆነ እኔን ጠይቁኝ።»

«አንቺ ዕረፊ» አለቻት እናቷ፣ ሳትቆጣ።

ከዚያ እናቲቱ ነገሩን ገለጠችልኝ። ከአገር ቤት የመጣ አንድ አገልጋይ በጉባኤያችን ለጥቂት ሳምንታት ያገለግል ነበር። ቅዳሜ ለልጅቷ ልዩ ጸሎት ሊያደርግ ነው። እስከዚያ ድረስ ትጾማለች፤ መድኃኒቱንም ታቆማለች፣ መድኃኒት እየዋጡ መንፈስ አይወጣም፣ እምነትን ለሁለት ይከፍላል ብሏል። ጠርሙሱን ቁም ሣጥኑ አናት ላይ አድርጋዋለች።

«በአንዴ ካቆመችው ትሞታለች» አልኳት። «ሥራ ቦታ አይቻለሁ።»

«ሞት በጌታ እጅ ነው።»

«ጠርሙሱ ግን በአንቺ እጅ ነው።»

ፊቷ ጠቆረ። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሣሁ። ልጅቷ እስከ ሊፍቱ ሸኘችኝ።

«እምቢ በያት» አልኳት።

«እምቢ ብዬ የት ልሂድ?» አለች። ከዚያ ቁልፉን ተጭና፣ ወደ በሩ እያየች፣ «ደግሞ ቢሆንስ እትዬ? ቢለቀኝስ?» አለች።

ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ሊፍቱ መጣና ገባሁ። ሐኪም ቤቱ ደወልኩ፤ ያነሣችው ሴት ልጅቷ አዋቂ ስለሆነች ራሷ ትምጣ አለችኝ፣ በጣም በትሕትና።

ጉባኤያችን የሚሰበሰበው በጋምለ ኦስሎ የኖርዌጅያውያን ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ ነበር፤ በኪራይ ነው። መስኮቶቹ ከፍ ብለው እግረ መንገዱን ያያሉ፣ የሚያልፈው ሰው እግር ብቻ ይታያል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስገባ አዳራሹ ከእሑድ ይልቅ ሞልቶ ነበር። ሌላ ጊዜ ለጸሎት የማይመጡ ሰዎች መጥተዋል። ልጅቷ መሃል ላይ ወንበር ተሰጥቷት ተቀምጣለች። ከእግሯ ሥር ቢጫ የላስቲክ ሳፋ አለ። ሳፋውን ሳይ ነገሩ ሁሉ አስቀድሞ የታሰበበት መሆኑ ገባኝ። ሊያስወጧት የሚፈልጉትን የሚቀበሉበት ዕቃ አዘጋጅተዋል።

አገልጋዩ ወፈር ያለ፣ ክራቫት ያሰረ፣ ደግ ፊት ያለው ሰው ነበር። ኖርዌጅኛ አንድ ቃል አያውቅም፤ ከመጣ ገና ሳምንታት ነው። ጸሎቱን በዝግታ ጀመረ፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። እጁን ግንባሯ ላይ ጭኖ ወደ ኋላ ይገፋታል፣ አንገቷ እየታጠፈ ይመለሳል። ልጅቷ ከጾሙ ብዛት ከንፈሯ ነጥቷል።

«ስምህ ማን ነው?» አለ። «ተናገር፣ ስምህን ተናገር።»

ልጅቷን ላብ አጠመቃት። ደጋግሞ ጠየቀ። በመጨረሻ አፏን በእጇ ጋርዳ፣ በደከመ ድምፅ፣ «ያይ ሞ ስፒ» አለች።

ይህ ኖርዌጅኛ ነው። ሊያስመልሰኝ ነው ማለት ነው። ሕፃንም ይለዋል፣ ሽማግሌም ይለዋል።

አገልጋዩ ግን ፊቱ በራ። «ያይሞስፒ» አለ። «ሰማችሁ? ስሙን ተናገረ። ያይሞስፒ የተባልክ የባዕድ አገር መንፈስ፣ ውጣ።»

ከኋላ የተቀመጡት ወጣቶች አንገታቸውን ደፉ። አንዱ አፉን ይዞ እየተንቀጠቀጠ ወጣ፤ ሳቅ ነው። የቀረው ግን፣ የታክሲ ነጂው፣ የሆስፒታሉ ሠራተኛ፣ ልጆቹን በኖርዌጅኛ የሚቆጣው ሁሉ፣ ያይሞስፒ ውጣ፣ ያይሞስፒ ውጣ እያለ ይጮህ ጀመር። አዳራሹ ውስጥ ካለው ሰው ግማሹ ኖርዌጅኛ ያውቃል። እያወቀ ነው የጮኸው። አገልጋዩን አልጠላሁትም፤ እሱ ሰምቶ አልገባውም። እነዚህ ግን ገብቷቸው ነበር። ከፊቴ የቆመችው ሴት፣ በሳምንቱ ውስጥ ሰላም የምላት ሴት፣ ምራቅ ከአፏ ሲረጭ አየሁና ቤቴ መሄድ ፈለግሁ።

ልጅቷ ሳፋው ላይ ጎንበስ ብላ አስመለሰች። ያኔ ነው ወንበር የተጎተተው። ከኋላ ያሉት ወንበር ላይ ወጡ። ከፊት ያሉት ወደ ሳፋው አጎነበሱ።

«አረንጓዴ ነው» አለ አንዱ። «እዩት፣ አረንጓዴ ነው።»

«ሐሞት ነው። ባዶ ሆዷን ነው» አልኩ። ማንም አልሰማኝም።

ወዲያው ዐይኗ ተገለበጠና ከወንበሩ ወደቀች። ሰውነቷ ይፈራገጥ ጀመር። ሁለት ወንዶች እጆቿን መሬት ላይ ተጭነው ያዙ፣ አንዱ እግሯን ያዘ። በጀርባዋ ተንጋላ፣ አፏ ሞልቶ ሳለ። የያዟት እንዳትጎዳ አልነበረም፤ የሚታየው ነገር እንዳያመልጥ ነበር። ከቁንጫው ሥዕልም፣ ከውሾቹም ይልቅ ያን ጊዜ ተጸየፍኩ። እነዚያን ያነበብኳቸው ናቸው፤ እነዚህን በስማቸው አውቃቸዋለሁ።

በሰዎቹ መካከል ገፍቼ ገባሁ። «ልቀቋት» አልኩ።

አገልጋዩ ክንዴን ያዘኝ። «እማማ፣ አይንኳት፣ ወደ እርስዎ ይሻገራል።»

«ይሻገር» አልኩት።

ወንዶቹ እጃቸውን አነሡ። ልጅቷን በጎኗ አዞርኳት፣ አፏን በጣቴ ጠረግሁ፣ ነጠላዬን አጣጥፌ ከራሷ ሥር አደረግሁ። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር የለም፤ እስኪያልፍ መጠበቅ ነው። ቀና ስል እናቲቱ ሳፋውን በሁለት እጇ ይዛ ቆማ አየኋት። ከተጎነበሱት ሰዎች ሥር ነጥቃ አንሥታዋለች።

«ሊያስመልሰኝ ነው ነው'ኮ ያለችው» አለች። ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። «ባርነሃገ ልጆቹ በየቀኑ ይሉኛል። ያይ ሞ ስፒ ሲሉ ሳፋ ይዤ የምሮጠው እኔ ነኝ።»

«ምን አለች?» አለ አገልጋዩ፣ ወደ ሰዎቹ ዞሮ። የሚነግረው ጠፋ።

«የሌላ ሰው ልጅ ሲለኝ ሮጬ፣ የራሴ ስትለኝ ቆሜ» አለች እናቲቱ። ሳፋውን ይዛ ወደ መጸዳጃው ሄደች፣ ውሃ ሲወርድ ተሰማ፣ አጥባው ተመለሰች። ሁለታችን ልጅቷን ደግፈን አስነሣናትና በታክሲ ወደ ለገቫክት፣ ወደ ድንገተኛ ሕክምናው ሄድን። እዚያ እናቲቱ አስተርጓሚ አልፈልግም አለች። ልጅቷ በኖርዌጅኛ ከሐኪሙ ጋር ተነጋገረች፣ ዞር እያለች ለእናቷ በአማርኛ ነገረቻት። ቀስ ብላ ነበር የምትነግራት።

ይህን ለወሎው ሰው ነገርኩት። ከሰው ሁሉ የማይስቅብኝ እሱ ይመስለኝ ነበር፤ እሱም ሳቀ።

«እትዬ፣ ቅዳሜ ምሽት አውቶቡሴ ላይ ይምጡ» አለ። «ያ ጋኔን ከሰካራሞቹ እየወጣ የኋላ ወንበሩን ሞልቶታል። እኔ በጋዜጣ ጠርጌ ነው የማወጣው።» ከዚያ ግን «ልጅቷስ?» አለ።

«ደኅና ናት። መድኃኒቷን ጀምራለች።»

«ሰዎቹስ?»

«ጋኔኑ ወጣ እያሉ ይመሰክራሉ።»

እውነትም እንደዚያ ነበር። አንዲት ልጅ ጾማ ማስመለሷ በየቤቱ ተአምር ሆኖ ይወራ ነበር። ያይሞስፒ የሚለው ስም ቫይትቬት ድረስ ደረሰ፤ አንዲት ጎረቤቴ ምን ዓይነት መንፈስ እንደሆነ ልታስረዳኝ ሞከረች። እጄን ታጥቤ የምመለስ አስመስዬ ወደ ውስጥ ገባሁ።

አገልጋዩ ወደ አገሩ ከመመለሱ በፊት የመጨረሻው እሑድ ላይ ልጅቷን ወደ መድረኩ ጠራት። እናቲቱ ከጎኔ ተቀምጣ ነበር፤ ልጅቷ ስትነሣ ልትይዛት እጇን ዘረጋችና መለሰችው። አገልጋዩ ማይክሮፎኑን ወደ አፏ አቀረበላት። በእውነት ደስ ብሎት ነበር።

«ዛሬ ነፃ ነሽ» አላት። «መድኃኒቱን ጥለሻል፣ አይደል?»

«ኔይ» አለች።

አይ ማለት ነው። ይህችን ቃል እሱም ለምዷት ነበር።

«ማለት፣ እየቀነስሽ ነው?»

«ኔይ። ሐኪሙ ያዘዘውን ነው የምወስደው። ዛሬም ጠዋት ወስጃለሁ።»

አገልጋዩ ማይክሮፎኑን ወደ ራሱ መለሰ። ፈገግ አለ። የመዘምራኑ መሪ ቶሎ ብሎ መዝሙር አነሣ፣ ሰዉም ተቀበለ። ልጅቷ ወርዳ መጥታ በመካከላችን ተቀመጠች።

ከፊታችን ያለችው ሴት እያጨበጨበች ዞረችና ወደ እናቲቱ ጎንበስ አለች። «እህቴ፣ ታዲያ ወጣ ነው አልወጣም?» አለቻት።

«አላውቅም» አለች እናቲቱ። «እስካውቅ ድረስ መድኃኒቷን ትውጣለች።»